አለሁ ባዮች

አንድ ስም ባለቤት እንደሌለው በምን ይታወቃል?

ትርሲት ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትሸከመው ኖራለች። ልጅ ሳለች አባቷን ጠየቀችው፤ «የሹሞች ነገር ነው፣ ይልቅ ወናፉን ንፊ» አላት። ከፍ ስትል የአገሩን የሕግ መጻሕፍት ከዚህም ከዚያም እየተዋሰች አነበበች። መጻሕፍቱ ስም እንዴት እንደሚወሰድ፣ እንዴት እንደሚወረስና እንዴት እንደሚሸጥ በሰፊው ይናገራሉ። ባዶ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ግን አንዲት ቃል ብቻ ይላሉ፦ «ይጠራ።»

አገሩ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ሲደርስበት አያጣውም።

በዚያ አገር የእጅ ሥራ ያለ ስም አይሸጥም። ሸማኔው በጥለቱ ጫፍ፣ ሸክላ ሠሪዋ በገንቦዋ መቀመጫ፣ አንጥረኛው በአምባሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሥራውን ስም ማስፈር አለበት። ነገሩ የተጀመረው በደግ ምክንያት ነው ይባላል። አንድ የጥንት ንጉሥ ወርቅ ነው ተብሎ የተሸጠለት ቀለበት ዝናብ ሲነካው አረንጓዴ ሆነበት፤ ማንን እንደሚያስገርፍ ቢቸግረው «ከእንግዲህ ሥራ ሁሉ ስም ይኑረው» ብሎ አወጀ። ሕጉ ሲወጣ ደግ ሕግ ነበር። ሕግ ግን እንደ ሰው አይደለም፤ ሲያረጅ ጥርስ ያበቅላል።

በየዓመቱ አዝመራ ከገባ በኋላ አቅላጮች የሚባሉ የቤተ መንግሥት ሰዎች መንደር ለመንደር ይዞራሉ። ስም የሌለው ሸማ ይተረተራል፤ ስም የሌለው ገንቦ ይሰበራል፤ ስም የሌለው ብር ወደ ማቅለጫቸው ይገባል። ክሩም፣ ገሉም፣ የቀለጠው ብርም አንድ ሳይጎድል ለባለቤቱ ይመለሳል። ሕጉ ሌባ አይደለም። የሚወስደው ሥራውን ብቻ ነው።

ስም የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የሚያደርገው ይህ ነው። በዋናው ገበያ መካከል መጥሪያ የሚባል ጥቁር ድንጋይ አለ። ጠሪው በሐሙስ ገበያ እዚያ ላይ ይወጣና የመረጠውን ስም በገዛ አፉ ይጠራል። ድምፁ መሰማቱን የሚመሰክረው ከገበያው ዳር ያለው ጨው ሻጭ ነው፤ ከሰማ ዱላውን ያነሳል፣ ካልሰማ ጠሪው ለሚቀጥለው ሐሙስ ይቀጠራል። ከሰማና ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «አለሁ!» ካለ ስሙ ባለቤት አለው። ማንም ካልመለሰ፣ አፈ ስም የሚባለው ሹም በነጭ በትሩ ድንጋዩን መትቶ «ባዶ ነው፣ ግቢበት» ወይም «ግባበት» ይላል። እንግዲህ ያ ስም የጠሪው ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ አለሁ የሚለው የስሙ ባለቤት ብቻ ነበር። ኋላ ታላላቆቹ ቤቶች መከሩ። ባለቤት ሁልጊዜ ገበያ ሊውል አይችልም፤ ስለዚህ ወኪል ይቀመጥለት አሉ። ወኪል ተቀመጠ። ወኪሉ ደግሞ የጌታውን ስሞች ሁሉ በቃሉ ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ ከሚሳሳት ሁሉንም ይመልስ አሉ። ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ወዲህ በድንጋዩ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ተሠርቶ፣ ዳስ ተጥሎለት፣ አለሁ ባዮች ከጧት እስከ ማታ ተደርድረው ይውላሉ። ቤቶቹም በዚህ መንገድ ያገኙትን ስም መልሰው ለጠሪው ያከራዩታል፤ ኪራዩም የሥራው እኩሌታ ነው። ይህንንም ቢሆን ማንም ክፉ ነገር ነው አላለም። ሥርዓት ነው ተባለ።

ትርሲት የአንጥረኛ ልጅ ነበረች፤ መንደራቸው ከከተማው በታች፣ ከወንዙ ዳር ነው። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። እናቷ ዘርትሁን በወጣትነቷ ጉትቻና አልቦ በቅርጫት ይዛ በየደጁ እየዞረች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አሁን እሳቱ ዓይኗን ስላደከመው ቤት ትውላለች። ትርሲት ዝምተኛ ናት። ከመጽሐፍና ከመዶሻ በቀር ከማንም ጋር ብዙ አታወራም። የመንደሩ ሰዎች «ይቺ ልጅ ድምፅዋን ከብሩ ጋር አቅልጣዋለች» ይሏታል።

ይቺው ዝምተኛ ልጅ ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን ነገር ሠራች። ሥራዋ የብር ቀለበት ነው፤ ከጣት አውልቀው በክር አንጠልጥለው ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት፣ በጎኑ ባለች የመርፌ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ ጨረር ይገባና በውስጠኛው ገጽ ከተቀረጹት ጭረቶች በአንዱ ላይ ያርፋል። ጭረቶቹ ሰዓቶች ናቸው። በዚያ አገር ሰዓት የሚታወቀው ከቤተ መንግሥቱ በሚመታ ነጋሪት ነበር። ነጋሪት መቺው ካልነቃ ጧት አይሆንም፤ ምሳውን ካልበላ ቀትር አይደርስም። ትርሲት ክረምቱንና በጋውን ቀለበቶቹን ስትሠራ ከረመች፤ አንድ ሣጥን ሞሉላት። የቀራት ስም ብቻ ነበር።

ከመጥራት በፊት ሥራው የየትኛው አዛዥ እንደሆነ መለየት ነበረበት። ቀለበቱን የጌጥ አዛዥና የሰዓት አዛዥ ፊት አቀረበችው። የጌጥ አዛዡ በትንሿ ጣቱ አጥልቆ እጁን ዘርግቶ አየው።

«ይኸ ጌጥ ነው» አለ።

«ጌጥ ከሆነ ይኼ ጭረት ምንድን ነው?» አለ የሰዓት አዛዡ።

«የጌጥ ጭረት ነዋ!»

«ሰዓት ይናገራል እኮ፣ አንተ!»

«ብዙ ጌጥ ይናገራል። የባለቤትህን አምባር ሰምተኸው አታውቅም? ከበር ስትገባ ጀምሮ ነው የሚናገረው።»

ሲከራከሩ ነጋሪቱ ተመታ፤ ሁለቱም ለምሳ ተነሱ። ከምሳ በኋላ ተስማምተው መጡ። ቀለበቱ ፀሐይ ሳይነካው ጌጥ ነው፣ ሲነካው ሰዓት ነው። ስለዚህ ስሙ በጌጥም በሰዓትም ባዶ መሆን ስላለበት ጧት ጥላ ሳለ አንዴ፣ በቀትር ደግሞ አንዴ ይጠራ።

«ደመና ከሆነስ፣ ጌቶቼ?» አለች ትርሲት በቀስታ።

አዛዦቹ ተያዩ። «ደመና ከሆነ» አለ የጌጥ አዛዡ፣ «ድሉ የኔ ነው።»

አንድ ሥርዓት ደግሞ ቀርቷል። ጠሪ ስሙን በዋዜማው ለገበያው በር ጠባቂ በጆሮው ሹክ ማለት አለበት። ይህም የስሙ ባለቤቶች ድንገት እንዳይደነግጡ የተደረገ ነው ይባላል። በር ጠባቂውም የሰማውን ያንኑ ዕለት ለታላላቆቹ ቤቶች ያደርሳል፤ ስለ ድካሙም ይጋብዙታል።

ትርሲት መጀመሪያ የመረጠችው «ጮራ» የሚል ስም ነበር። ድንጋዩ ላይ ወጥታ ጠራች፤ ጨው ሻጩ ዱላውን ሳያነሳ ቀረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ዓይኗን ጨፍና ጮኸች፤ ዱላው ተነሳ፤ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ የአግዳሚው እኩሌታ «አለሁ!» አለ። «ንጋት» ብላ ሞከረች፤ ሌላው እኩሌታ መለሰ። «ወለላ» አለች፤ አንድ አለሁ ባይ እንቅልፍ ላይ ሳለ በሕልሙ መለሰ፤ አፈ ስምም መልሱ ይያዝለት አለ። በመጨረሻ ማንም ሊኖረው የማይችለውን ስም ለመፍጠር ወሰነች። ፊደሎቹን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ መርጣ ደረደረችና ሐሙስ ጧት ድንጋዩ ላይ ቆማ ጠራች።

«ሸምበርቂት!»

«አለሁ!» አለ አግዳሚው። ያን ቀን «ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ»፣ «አይ፣ እኔ ነኝ» እየተባባሉ አለሁ ባዮች ተጣልተው ጥቂት ሰው ቆሰለ።

ከዚያ ጠብ ሳይደባለቅ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥም አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ከታላላቆቹ ቤቶች የአንዱ፣ የላይኛው ቤት፣ አለሁ ባይ ነው። የገበያው ሰው አያ ይርዳው እያለ ይጠራዋል። ትርሲት ከድንጋዩ ወርዳ ፊቱ ቆመች። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣላት ራሷም አላወቀችም።

«አያ ይርዳው፣ ሸምበርቂት ብዬ ስጣራ አለሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ እንዴ?»

«ብለዋል።»

«እንግዲህ ካልሽ ብያለሁ። ቆሎ ቅመሺ።»

«ሸምበርቂት ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! የጠራሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» ሳቀ፤ ፊቱ ግን መልሶ ጨለም አለ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ ሲሰማ አፌ ነው የሚመልሰው። በመካከል ልቤን አላስቸግረውም። አምና አንዲት ሸማኔ የእናቴን ስም ጠራች። አለሁ አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የእናቴ ስም መሆኑ ትዝ ያለኝ። ስሙ ለጌታዬ ሆነ። ለተዝካሯ ዘመድ ሰብስቤ ስሟን ልጠራ ስል ከቤቱ ሰው መጥቶ ‹ፈቃድ አለህ?› አለኝ። ‹ያቺ ሴትዮ› እያልኩ ነው ያሳለፍኩት።»

ትርሲት ጠጋ ብላ፣ «የማይመልሱለት ስም የለም?» አለችው።

አያ ይርዳው ቆሎውን ትቶ በሳቅ ተንከተከተ። «አለ! የጎድጓዳ ሠፈሩን ሰካራም ታውቂው የለ? አንድ ሐሙስ ድንጋዩ ላይ ወጣና ‹ሌባ!› ብሎ ተጣራ። እመኚኝ፣ ያን ቀን አግዳሚው ላይ ዝንብ አልተንቀሳቀሰም። ማን አለሁ ይበል? ግማሾቻችን ብንል እውነት ሊመስልብን ነው፤ ግማሾቻችን ብንል እውነት ነው። አፈ ስም ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በትሩን መታና ‹ባዶ ነው፣ ግባበት› አለው። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ሌባን ሌባ ለማለት ሰካራሙን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።»

ትርሲት ሳትስቅ ሄደች። ወደ ወንዙ ስትወርድ አንድ ቃል እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ለአንጥረኞች ከተማው ያወጣላቸው አንድ መጠሪያ ነበር፤ ጥቀርሻ። ከእሳት ጋር ስለሚውሉ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ከእሳት ጋር የሚውሉ ሌሎችም አሉ፤ እነሱን ማንም እንዲህ አይልም። ሙሽሮች አንጥረኛው የሠራውን ድሪ አድርገው ይዳራሉ፤ አንጥረኛው ግን ከሠርጉ ደጃፍ አያልፍም። ጥቀርሻ ካየው ምግብ ይበላሻል ይባላል። ይህን ስም በራሱ ላይ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የሚወስደውም አልነበረም። ትርሲት እንዲህ ብላ አሰበች፦ ሰው ይህ ስም የተጻፈበትን ቀለበት በጣቱ አድርጎ ሲዞር፣ ሲያጌጥበት፣ ሰዓቱን ሲያይበት ቢውል፣ ስድቡ ቀስ በቀስ ይለቅ ይሆናል። ደግሞም የአቅላጮቹ ጊዜ ደርሶ ነበር። ሌላ ሐሙስ ብዙ አልቀራትም።

በዋዜማው በር ጠባቂው ጆሮውን አዘነበለላት። ሹክ አለችው። ፊቱ ቀላ።

«ምን አልሽ?»

ደገመችለት።

«እንደገና በይው እስኪ።»

ሦስተኛ ስትደግምለት ዙሪያውን ተመለከተና በእጁ እለፊ አላት። ቤቶቹ ሲሰሙ ተሳሳቁ፤ አንዳቸውም ለአለሁ ባዮቻቸው ትእዛዝ አልሰጡም። ወሬው ግን ከቤቶቹ ወጥቶ በአሽከሮቹ በኩል ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ።

ሐሙስ ጧት ትርሲት ድንጋዩ ላይ ወጣች። ገበያው ከወትሮው የበለጠ ሰው ነበረው። አፈ ስም ጃንጥላው ሥር ቆሞ በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ትርሲት ዓይኗን አልጨፈነችም።

«ጥቀርሻ!»

ጨው ሻጩ ዱላውን እንደ ጦር አነሳው። አግዳሚው ጸጥ አለ። አንዱ ጥፍሩን ያያል፣ ሌላው ዳሱን፤ አያ ይርዳው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጠፍር ያጠብቃል። ጫማው ጠፍር የለውም። በቀትር ደግማ ጠራች። እንደዚያው ሆነ። አፈ ስም በትሩን አነሳ።

«አለሁ!»

ድምፁ የመጣው ከአግዳሚው አይደለም። ከጨው ሻጮቹ በኩል ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መንገዱን እየዳሰሰች በሕዝቡ መካከል ትመጣለች፤ ሕዝቡ እንዳይነካት ይከፈልላታል። ዘርትሁን ነበረች።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በዚያ ድንጋይ ፊት በእውነት የሚጠራበት ሰው ሲመልስ ከታየ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። አፈ ስም ምን እንደሚደረግ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«የየትኛው ቤት አለሁ ባይ ነሽ?» አላት።

«የቤቴ።»

«ጌታሽ ማን ነው?»

«ሞተ። አንጥረኛ ነበር።»

«ይህ ስም ያንቺ ለመሆኑ ምስክር አለሽ?»

ዘርትሁን ወደ ገበያው ዞረች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ማንን እንደምታይ ማንም አላወቀም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው እኔን ታያለች አለ።

«ከዚህ መካከል» አለች፣ «በዚህ ስም ጠርቶኝ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያንሳ።»

የተነሳ እጅ አልነበረም። ጨው ሻጩ እንኳ ዱላውን ቀስ አድርጎ አወረደ።

አፈ ስም በትሩን መሬት ላይ አሳረፈ። «ስሙ ባለቤት አለው» አለ። «ለጠሪዋ ትለቂላታለሽ ወይስ ትይዢዋለሽ?»

ዘርትሁን ድንጋዩ ላይ ወደ ቆመችው ልጇ ቀና አለች።

«አልለቅም» አለች።

እናትና ልጅ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። ትርሲት የእናቷን ክንድ ይዛለች። ወንዙ ሲታይ ነው አፏን የከፈተችው።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ዘጋሁብሽ።»

«ቀለበቶቹ ሊቀልጡ ነው እኮ!»

«ይቅለጡ። ብር ቢቀልጥ ያው ብር ነው።»

«እኔ ስሙን ላቃናው ነበር። ሰው እያጌጠበት ሲሄድ ስድብነቱ ይረሳል ብዬ ነው።»

«ለነሱ ይረሳል» አለች ዘርትሁን። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። «እኔ በየደጁ ስዞር በዚያ ስም ሲጠሩኝ አለሁ እል ነበር። ካላልኩ አይገዙኝም፤ ካልገዙኝ አንቺ አትበዪም። ግን ልጄ፣ እኔን የጠሩኝ ሌሎች ናቸው። አንቺ ራስሽን ልትጠሪ ነው። በገዛ እጅሽ፣ ያውም በብር ላይ።»

«ሌላ ስም የለማ! ሁሉም ተይዟል።»

«እሱን እኔ አላውቅልሽም። አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

ቤት ደርሰው ትርሲት እናቷን አስቀምጣ፣ የቀለበቶቹን ሣጥን ከፍታ ተመለከተች። ተናድዳ ነበር። ንዴቷ ግን እናቷ ላይ ሊያርፍ ሞክሮ አልያዘላትም፤ ከአቧራ ላይ እንደሚንሸራተት ውሃ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አቅላጮቹ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር መድረሳቸው ተሰማ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ቀጥሎ የአንጥረኞቹ ነው። የላይኛው ቤት ሰው ልኮ «ሸምበርቂትን እናከራይሽ፣ ካሻሽ ጮራንም ጨምረን» አላት። ትርሲት አሰበችበት፤ አላሰበችም ማለት ውሸት ነው። ከዚያ የተላከውን ሰው ውሃ አጠጥታ ሸኘችው። የተዋሰቻቸውን የሕግ መጻሕፍት እንደገና ከፈተች። ስም አልፈለገችባቸውም። ስለ ድንጋዩ የተጻፈውን ብቻ አነበበች፤ ደጋግማ አነበበች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያው በር ሄደች። በር ጠባቂው እንዳያት ዙሪያውን ተመለከተና ጆሮውን እየሳቀቀው አዘነበለላት። ትርሲት ወደ ጆሮው ተጠጋች፣ ምንም አላለችም፣ ተመለሰች። ጠባቂው ጠበቀ። ምን አልሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ያለፈው ረቡዕ ትዝ ቢለው መልሶ ገጠመው። «ሰምቻለሁ፣ እለፊ» አላት።

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ፍም ትቆሰቁሳለች።

«እማዬ፣ ነገ ገበያ ልወጣ ነው።»

«ስም አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ልትጣሪ?»

«አልጣራም። ድንጋዩ ላይ ልቆም ነው።» ትርሲት ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። እንዲህ ብዙ ስታወራ እናቷ ሰምታት አታውቅም ነበር። «ጠሪ ድንጋዩ ላይ ሳለ አለሁ ባዮች ከአግዳሚው አይነሱም፤ ይላል ሕጉ። አፈ ስምም ከጃንጥላው ሥር አይለቅም። ጥሪው ያላለቀ ሥራንም አቅላጭ አይነካውም። ጠሪ ዝም ካለ ግን ምን እንደሚደረግ የትም አልተጻፈም። ማንም አስቦት አያውቅም።»

ዘርትሁን ቆስቋሹን አስቀመጠች። «አንቺ ዝም ካልሽ እነሱ ምን ይመልሳሉ?»

«እኔም ማየት የምፈልገው እሱን ነው።»

አሮጊቷ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ከዚያ በደንብ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ለዝም ማለቱስ ካንቺ የተሻለ አይገኝም! ድሮም መጥራቱ ነበር ያስቸገረሽ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እስከ መቼ ልትቆሚ?»

«እግሬ እስከቻለ።»

«ሲያቅተውስ?»

ትርሲት ይህን አላሰበችበትም ነበር።

«ሲያቅተው ውረጂና እኔን አውጪኝ» አለች ዘርትሁን። «ቆሞ መዋል ልምዴ ነው። በየደጁ ያቆሙኝ ሲደመር ያንን ድንጋይ ያሟሟዋል።»

ትርሲት ሣጥኑን ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠግታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። የስሙ ቦታ በሁሉም ላይ እንደተወለወለ ባዶ ነው፤ እንዲያው ተወችው። ለጣቶቿ የሚበቃውን ለየች፤ የተረፉትን በክር ሰክታ አንገቷ ላይ ልታስር አዘጋጀች። ነገ ነጋሪቱ ሳይመታ ልትነሳ፣ ከገበያተኛው ቀድማ ድንጋዩ ላይ ልትወጣ፣ አግዳሚው ሞልቶ ሁሉም ጆሮውን ሲያቆም ቀና ብላ ልትቆም፣ ምንም ስም ላትጠራ ወሰነች።